ዝናብ ካባራ በኋላ፦ የተራራ የእግር መንገድን መመርመርና መጓዝ

ከባድ ዝናብ የጣለበት ተራራ ዝናቡ ስላባራ ብቻ ለእግር ጉዞ አመቺ አይሆንም። የመንገዱ ክፍሎች የሚያገግሙት በየራሳቸው ጊዜ ነው። ከተራራ የሚወርዱ ትናንሽ ወንዞች በድንገት ሞልተው ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላሉ። ጭቃው እንደ አፈሩ ዓይነት ከአንድ ቀን እስከ ሳምንት ይቆያል። ውሃ የጠገበ ተዳፋት ግን ሰማዩ ከጠራ ከቀናት በኋላም ሊናድ ይችላል። ስለዚህ የመንገዱ ሁኔታ የሚታወቀው ሰማዩን በማየት ሳይሆን የዘነበው ውሃ አሁን የት እንዳለ በማጣራት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋዎች ይህ ጉዳይ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጋጥማል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የበልግ ወቅት፣ በተለይ በባሌ፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ከፍታዎች፣ ዝናቡ የሚወርደው በበጋ በደረቀና ሣሩ በተጋጠ መሬት ላይ ስለሆነ ብዙው ውሃ ሳይሰርግ ጎርፍ ይሆናል። ክረምቱ በሚወጣበት በመስከረም ደግሞ መሬቱ ጠግቦ ስለሚቆይ የአንድ ከሰዓት ዝናብ እንኳ ወንዙን ይሞላዋል። የተራራ ተጓዥ መብዛት የሚጀምረውም በዚሁ ጊዜ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ለሁለቱም ወቅቶች ያገለግላሉ።

1. ያለፉትን ቀናት ዝናብ ማጣራት

የመጀመሪያው ሥራ የነገውን የአየር ጠባይ ትንበያ ማየት ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሦስትና አራት ቀናት የዘነበውን ማወቅ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው መረጃ የአካባቢውን አጠቃላይ ሁኔታ ያሳያል። የአንዱን ሸለቆ ወይም የአንዱን መሻገሪያ ሁኔታ ለማወቅ ግን በቦታው ያለ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ በቅሎ ጫኝ፣ ወይም በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር።

የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ይወስነዋል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የአገር ሰው እንግዳውን ላለማሳዘን «ምንም አይልም» ሊል ይችላል፤ ለእሱም በእርግጥ ምንም አይልም፣ መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና። «ትናንት ከሰዓት ወንዙን ሰው በእግሩ ተሻግሯል? ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር ወይስ በታች? የገበያ ሰዎች በየት በኩል አለፉ?» የሚሉት ግን የተጨበጠ መልስ ያመጣሉ። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ጠቃሚ ነው። ገበያተኛ ያለ ምክንያት ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም፤ የለመደውን መንገድ ትቶ በሌላ በኩል ካለፈ መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው።

የተለመደው ስህተት በመነሻ ከተማው ሰማይ መፍረድ ነው። ወንዝን የሚሞላው ከላይ ከምንጩ የዘነበው ዝናብ ነው፤ ደራሽ ጎርፍ ፀሐይ በወጣበት ቦታ የሚያልፍ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

2. መንገዱን በአፈሩና በቅርጹ መምረጥ

ሁሉም መሬት እኩል አይደርቅም። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከጫማ ጋር ይጣበቃል፣ ውሃውንም ቶሎ አይለቅም። በሱሉልታና በበቾ ሜዳዎች ላይ የሚያልፍ መንገድ ከዝናብ በኋላ ለብዙ ቀናት የማያስኬደው ለዚህ ነው። ቀይ አፈር ውሃን በተሻለ ፍጥነት ያሳልፋል፤ ሆኖም በተዳፋት ላይ የላይኛው ሽፋኑ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ድንጋያማ መሬት ቶሎ ይደርቃል፤ አደጋው ውሃ በሚንጠባጠብባቸውና አረንጓዴ ልባስ በያዙ ድንጋዮች ላይ ነው። እንደ መንዝ ጓሳና እንደ ሰነቴ ባሉ ከፍተኛ ሜዳዎች ደግሞ ከሩቅ ደረቅ የሚመስለው ሣር ሥሩ ረግረግ ሊሆን ይችላል።

ከአፈሩ ቀጥሎ የመንገዱ ቅርጽ ይታያል። ሸንተረር ይዞ የሚሄድ መንገድ ሸለቆ ውስጥ ከሚገባው ይሻላል። በካርታ ላይ የወንዝ መሻገሪያዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ መሻገሪያ በመልስ ጉዞም ይጠብቃል። በሄዱበት መመለስ ዙሪያ ከመዞር ይመረጣል፤ ዙሪያ የሚዞር ተጓዥ ያላየው መሻገሪያ መጨረሻ ላይ ሊገጥመውና ወደ ኋላ ለመመለስ ሊመሽበት ይችላል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ የሚወስደው መንገድ የጂንባርን ወንዝ ይሻገራል። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን የሚሄደው ደግሞ በቧሂት በኩል አልፎ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና አቀበት ይወጣል። መሸሃ በሞላበት ቀን የራስ ደጀን ጉዞ ወንዙ ዳር ያበቃል። በጨነቅና በቧሂት አካባቢ መቆየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ዕቅዱ ሲወጣ ከዋናው መዳረሻ ጋር ወንዝ የማይሻገር አማራጭ አብሮ ይያዛል።

3. የጉዞውን ሰዓት መወሰን

በደጋው አካባቢ ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ጥርት ይልና ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ወንዞችም በአብዛኛው ዝቅ የሚሉት ማለዳ ነው፤ የትናንቱ ውሃ ሌሊቱን ሲጎድል ያድራል። በዚህ ምክንያት ጉዞው ጎህ እንደ ቀደደ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ይጀመራል፤ አስቸጋሪው መሻገሪያና ከፍተኛው ቦታም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይታለፋሉ።

በእርጥብ መንገድ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል። በበጋ አራት ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ ስድስት ሰዓት መመደብ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል፤ በጭለማ ጭቃማ ቁልቁለት መውረድ የመውደቅ አደጋን ያበዛዋል። ስለዚህ ከመነሻው የመመለሻ ሰዓት ይቆረጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መዳረሻው ቅርብ ቢሆንም ጉዞው ይገታል። የመመለሻ ሰዓቱንና የሚሄዱበትን መስመር ለቀረ ቤተሰብ ወይም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት መናገር፣ ተጓዦቹ ቢዘገዩ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያሳውቃል።

4. ልብስና ዕቃ ማዘጋጀት

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝና ቀድሞ የተለመደ ጫማ ያስፈልጋል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ አይቆምም። ወንዝ ለመሻገር ከእግር የማይወልቅ ሁለተኛ ጫማ ቢያዝ ዋናው ጫማ ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛው ዘንግ ነው። እስከ ደረት የሚደርስ ጠንካራ ዘንግ የጭቃን ጥልቀት ይለካል፣ በቁልቁለት ሚዛን ይጠብቃል፣ በወንዝ ውስጥም ሦስተኛ እግር ይሆናል።

ልብስን በተመለከተ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ውሃ ይዘው ይቀዘቅዛሉ፣ ለመድረቅም ይዘገያሉ። የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ በላዩም ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ ይመረጣል። ጋቢ ለሌሊት ብርድ ጥሩ ነው፤ ሲረጥብ ግን ስለሚከብድ በጉዞ ላይ አይለበስም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለማረፊያ ይቀመጣል። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ካልሲም ውሃ በማያስገባ ፌስታል ይታሸጋል።

ከዚህ ሌላ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ በላስቲክ ውስጥ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ እንዲሁም እሳት ሳይነድ የሚበላ እንደ ቆሎና በሶ ያለ ስንቅ ይያዛል። ሸለቆ ውስጥ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል የፓርኩና የወረዳው ፖሊስ ስልክ ቁጥሮች አስቀድመው በወረቀት ጭምር ይጻፋሉ።

5. በጭቃና በአዳላጭ መሬት ላይ መራመድ

በጭቃ ላይ እርምጃ አጭር ይሆናል፤ እግር በሙሉ ሶሉ ይረግጣል፤ ክብደት ከሚቀጥለው እግር ላይ የሚያርፈው መሬቱ መያዙ ከታወቀ በኋላ ነው። በቁልቁለት ዘንጉ አስቀድሞ ወደ ታች ይተከላል፣ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል። ፈርቶ ወደ ኋላ መለጠጥ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስህተት ነው፤ ክብደቱ ከእግር ላይ ሲነሳ ሶሉ መሬቱን መያዝ ያቆማል። ቁልቁለቱ ሲበረታ በጎን ዞሮ መውረድ ይሻላል።

የዛፍ ሥር፣ የወደቀ ግንድና አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አይረገጡም፤ በላያቸው ይታለፋል እንጂ። እንደ እንጦጦ ባሉ የባሕር ዛፍ ደኖች እርጥብ ቅጠል የተነጠፈበት ቁልቁለትም እንዲሁ ያዳልጣል።

ጥልቀቱ ያልታወቀ ማጥ በዘንግ ይለካል። ዘንጉ ከቅልጥም እኩሌታ በላይ ከሰመጠ ሌላ መተላለፊያ ይፈለጋል። የተቀረቀረ እግር በኃይል አይጎተትም፤ ተረከዝ እየተወዘወዘ አየር ሲገባው ይለቃል። የጎርፍ ቦረቦር ጠርዝ ደግሞ ከሥሩ ተበልቶ ከላይ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል ጥቂት ሜትሮች ርቆ ማለፍ ይገባል።

ጭቃው ጥልቅ ካልሆነ በመንገዱ መሀል ማለፍ ይመረጣል። እያንዳንዱ ተጓዥ ጫማውን ለማዳን ወደ ዳር ሲወጣ መንገዱ ይሰፋል፣ ሣሩ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ዝናብ አዲስ ቦይ ይከፈታል። ከዚህም በላይ ዳሩ ብዙ ጊዜ የሰው ማሳ ነው። የተዘራ ጤፍ ወይም ገብስ ላይ መሄድ የገበሬውን ሰብል ማበላሸት ነው፤ መዞር ግድ ከሆነ በድንበር ወይም በእርከን ላይ፣ ባለቤቱ ካለም ተጠይቆ ይታለፋል።

6. የናዳ ምልክቶችን መለየት

ተዳፋት የሚናደው ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ አፈሩን ሲያከብደውና የአፈሩን ጥብቀት ሲያላላው ነው። ውሃው ወደ ታች ለመስረግ ጊዜ ስለሚወስድ አደጋው ዝናቡ ካባራ በኋላም ይቀጥላል። ተጓዥ ወደ ተዳፋቱ ከመግባቱ በፊት ቆም ብሎ የሚከተሉትን ይመለከታል፦

ሀ. በመንገዱ ወይም ከበላዩ ባለው መሬት ላይ የወጣ አዲስ ስንጥቅ፤
ለ. ያዘነበሉ ዛፎች፣ አጥሮች ወይም ምሰሶዎች፤
ሐ. ከዚህ በፊት ባልነበረበት የፈለቀ ውሃ፣ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፤
መ. ዝናብ ሳይኖር ከላይ የሚንከባለሉ ጠጠሮችና ድንጋዮች፤
ሠ. በድንገት የጎደለ ጅረት፤ ይህ ውሃው ከላይ በናዳ ተገድቦ በኋላ በአንዴ ሊለቀቅ እንደሚችል ያመለክታል።

ከእነዚህ አንዱ በግልጽ ከታየ በዚያ በኩል አይታለፍም። ምልክት የሌለበት፣ ነገር ግን ቀጥ ያለ ተዳፋት ሥር ማለፍ ግድ ሲሆን ተጓዦች ተራርቀው አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ አንድ ሰው ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ ላዩን ይጠብቃል። በመሀል ማረፍ፣ ፎቶ ማንሳትም ሆነ ድንኳን መትከል አይገባም።

ናዳ ከወረደ በኋላ ቦታው ገና አልረጋም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው አደጋ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ ተውጧል። አዲስ የተናደ አፈር ላይ ተረማምዶ መንገድ መፈለግ ስለዚህ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የተቀበረ ሰው ቢኖር እንኳ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይቆምና መሸሻ ሳይለይ ወደ ቦታው አይገባም።

7. ወንዝ መሻገር

በዝናብ ወቅት የሚደረግ ጉዞ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የውሃ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ኃይለኛ ጎርፍ አዋቂ ሰውን ሊጥል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ውሃው ይፈተሻል። እንጨት ወደ መሀሉ ይጣልና በዳር በኩል አብሮት ይኬዳል፤ እንጨቱ ፈጥኖ ከሚራመድ ሰው ከቀደመ ውሃው አይሻገሩትም። ጥልቀቱ ከጉልበት በላይ ከሆነ፣ ውሃው ቅርንጫፍና ግንድ ካመጣ፣ ወይም ከሥር የሚንከባለሉ ድንጋዮች ድምፅ ከተሰማ እንዲሁ ይተዋል። ወንዙ እየጨመረ ወይም እየጎደለ መሆኑን ለማወቅ በውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ውሃው ድንጋዩን ካለፈው ወንዙ እየሞላ ነው።

ቀጥሎ ቦታ ይመረጣል። ወንዙ የሚሰፋበት ወይም ብዙ ቦታ የሚከፋፈልበት ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ ያነሰ ነው። ጠባብ ቦታ አጭር ስለሆነ ያጓጓል፤ ውሃው ግን እዚያ ይጠልቃል፣ ይፈጥናልም። በመታጠፊያ ላይ የውጭው ዳር ጥልቅ ነው። ከፏፏቴ፣ ከገደል ወይም ከወደቀ ዛፍ በላይ ፈጽሞ አይሻገሩም፤ የሚወድቅ ሰው ወደዚያው ይወሰዳልና። የግንድ ድልድይ ካለም ሁለቱ ጫፎቹ ያረፉበት አፈር አለመሸርሸሩ ይታያል፤ ውሃ ከላዩ ካለፈ አይረገጥም።

ከዚያ ዝግጅት ይደረጋል። ጫማ አይወልቅም፤ በባዶ እግር የሚሻገር ሰው በማያየው ድንጋይ ይቆስላል፣ ሚዛኑንም ይስታል። የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ይፈታል፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳው ቶሎ መውለቅ አለበት። ውሃ የሚይዝ ረጅም ልብስ ይሰበሰባል።

ብቻውን የሚሻገር ሰው ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ፣ ዘንጉን ከፊቱ ተክሎ በጎን ይራመዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነሳል፤ ወይ ዘንጉ ወይ አንድ እግር። አካሄዱም ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ይሆናል እንጂ ከውሃው ጋር አይታገልም። በቡድን ሲሆን ሁሉም ወደ ማዶ ዳር ዞረው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መስመሩ የውሃውን ፍሰት ተከትሎ ይዘረጋል። ጠንካራው ሰው ውሃው በሚመጣበት ጫፍ ይሆናል፤ እጅ ለእጅ ተቆላልፈው ወይም የቦርሳ ማንገቻ ተያይዘው በአንድነት ይራመዳሉ።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ገመድ በወገብ ማሰር ነው፤ የወደቀን ሰው ገመዱ ውሃ ውስጥ ያስቀረዋል። ሁለተኛው በቅሎ የተሻገረችው ውሃ ለሰው ይሆናል ማለት ነው፤ በቅሎ አራት እግርና ብዙ ክብደት አላት። ሦስተኛው ልጅን በጀርባ አዝሎ መግባት ነው። ልጅ መታዘል ያለበት ውሃ ልጅ ይዘው የሚገቡበት አይደለም።

ውሃ የወሰደው ሰው ቦርሳውን ይጥላል፣ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያስቀድማል፣ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይጠጋል። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እግርን በድንጋዮች መካከል ስለሚያስገባ የሚቆመው ውሃው ዝቅ ያለበት ሲደረስ ብቻ ነው። መሻገር ካልተቻለ መጠበቅ መፍትሔ ነው፤ ከሰዓት የሞላ ትንሽ ወንዝ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ጠዋት ያሳልፋል።

8. ብርድንና የመጠጥ ውሃን መጠበቅ

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ሰነቴ ላይ የረጠበ ልብስና ነፋስ ሲገናኙ የሰውነት ሙቀት እስከ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ የጣት መደንዘዝ፣ የቃላት መንተባተብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ተጎጂው ከነፋስ ይከለላል፣ እርጥብ ልብሱ ይወልቃል፣ ደረቅ ይለብሳል፤ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ይጠጣል። አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ ቆዳን ለጊዜው እያሞቀ የውስጥ ሙቀትን ያስወጣል።

ጎርፍ የሰውና የከብት እዳሪን ወደ ምንጭና ወንዝ ስለሚያጥብ በደረቅ ወቅት የሚጠጣ ምንጭ እንኳ በዚህ ጊዜ አይታመንም። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ ይረጋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያም ከፈላ በኋላ ለአንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ለሦስት ደቂቃ ይንተከተካል። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመራል፤ ድፍርስ ውሃ ላይ ግን ክሎሪን በደንብ ስለማይሠራ ማጥለሉ አይዘለልም።

9. የመመለሻ መስፈርት መያዝ

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ የሚመለስባቸውን ሁኔታዎች ይስማማባቸዋል። ደክሞና ረጥቦ የሚወሰን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ወደ መድፈር ያደላል፤ ቀድሞ የተያዘ መስፈርት ክርክሩን ያስቀራል። ለአብዛኛው ጉዞ የሚከተሉት ይበቃሉ፦ የመመለሻ ሰዓቱ ከደረሰ፤ ወንዙ ከጉልበት ካለፈ ወይም እየሞላ ከሆነ፤ አዲስ ስንጥቅ ወይም ናዳ ከታየ፤ መብረቅ ከቀረበ፤ ጉም መንገዱን ከሸፈነ፤ ከቡድኑ አንዱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ። መብረቅ ሲቀርብ ከሸንተረርና ከብቸኛ ዛፍ መራቅ፣ ከወንዝ ሙላት ለማምለጥ ደግሞ ከሸለቆው ወለል ወደ ጎን ከፍ ማለት ይገባል። ሸለቆውን ይዞ ወደ ታች መሮጥ ከጎርፍ አያስጥልም።

10. ከተመለሱ በኋላ

ጫማና ድንኳን ጭቃቸው ታጥቦ በጥላ ይደርቃሉ፤ እሳት አጠገብ የደረቀ ጫማ ሙጫው ይለቃል። በውሃ የሾቀ እግር ይደርቃል፣ የተላጠው ይታከማል። ከ2,000 ሜትር በታች ወዳሉ ሸለቆዎች የወረደ ሰው ወባ ከዝናብ በኋላ እንደሚበረታ አስቦ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዘው ሳይዘገይ ይመረመራል። በመጨረሻም የተቆረጠ መንገድ፣ የተሸረሸረ ድልድይ ወይም አዲስ ስንጥቅ ያየ ተጓዥ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለቀበሌው ያሳውቃል፤ በመጀመሪያው ደረጃ የሚጠየቀው መረጃ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።